ዛፍ ላይ ክር የሚጠመጥሙ ሴቶች፦ በሂንዱዎች ዘንድ የዛፍ ነገር

ፑኔ_የከረመች

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ሦስት ዓመት ተምሬ ነው የተመለስኩት። ሰው ስለ ሕንድ ሲጠይቀኝ ስለ ምግቡ ወይ ስለ ፊልሙ ነው። እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ዛፍ ነው።

የተከራየሁበት ሰፈር መታጠፊያ ላይ ትልቅ ባኒያን ነበር። የእኛ ወርካ የቅርብ ዘመድ ነው። ከቅርንጫፎቹ እንደ ገመድ ወደ መሬት የሚወርዱ ሥሮች አሉት። መሬት ሲነኩ ይወፍሩና ራሳቸው ግንድ ይሆናሉ። ዙሪያውን የድንጋይ መደብ ተሠርቶለታል። በአዘቦት ቀን ሽማግሌዎች ጋዜጣ ያነቡበታል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ምሳቸውን ይበሉበታል።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ስወጣ ዛፉ በሴቶች ተከብቧል። ሁሉም ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። አረንጓዴ ሳሪ፣ አረንጓዴ የመስታወት አምባር። በእጃቸው የናስ ሳህን ይዘዋል። ሳህኑ ላይ ማንጎ፣ ሙዝ፣ እርድ፣ ቀይ ዱቄት፣ አንዲት ትንሽ የዘይት መብራት። ግንዱ ሥር ውሃ ያፈሳሉ። ከዚያ ነጭ የጥጥ ክር ከልቃቂቱ እየለቀቁ ዛፉን ይዞራሉ። ሰባት ጊዜ። ረፋዱ ላይ ስመለስ ግንዱ ነጭ ሆኗል፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ መስሎ ቆሟል።

አከራዬን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም በጾም ላይ ነበሩ። «ቫት ፑርኒማ ነው» አሉኝ። ቫት ባኒያን ነው፤ ፑርኒማ ሙሉ ጨረቃ። ታሪኩን እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ሳቪትሪ የምትባል የንጉሥ ልጅ ነበረች። ሳትያቫን አንድ ዓመት ብቻ እንደሚኖር እያወቀች አገባችው። ቀኑ ሲደርስ ጫካ ውስጥ እንጨት እየቆረጠ ራሱን አመመው፤ ጭኗ ላይ ተኝቶ ሞተ። የሞት አምላክ ያማ ነፍሱን ይዞ መንገድ ጀመረ። ሳቪትሪ ተከተለችው። ተመለሽ ቢላት እንቢ አለች። በመጨረሻ «ከባልሽ ሕይወት በቀር የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላት። እሷም «መቶ ልጆች ስጠኝ» አለችው። «ይሁንልሽ» አለ። «እሺ፤ ታዲያ ባሌን ይዘህ ከሄድክ ልጁ ከየት ይመጣል?» አለችው። ያማ ቃሉን አላጠፈም፤ ባሏን መለሰላት። ታሪኩ ማሃባራታ በሚባለው የሕንድ ጥንታዊ ግጥም ውስጥ ያለ ነው። ሕዝቡ ሲያወራው ባሏ የተነሣው ባኒያን ሥር ነው ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ልብ ብዬ አየሁት። ሲሰፋ ዛፉ አልተነካም። አስፋልቱ ነው ዛፉን ዞሮ ያለፈው። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ወርካ ሲቆረጥ ግን አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም። እኔም አልወጣሁም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ይኖራል። የምታውቁት ካለ አምጡ፣ እንወያይ።

ደን_ባለሙያ

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ደን ነው የተማርኩት፤ ከዚያ በኩል ልጨምር።

ሂንዱዎች አብዝተው የሚያከብሯቸው ሁለቱ ዛፎች፣ ፒፓልና ባኒያን፣ የሾላ ወገን ናቸው። የእኛም ወርካና ሾላ እዚያው ወገን ውስጥ አሉ። እነዚህ ዛፎች ከሌላው የሚለዩበት ነገር አላቸው። ፍሬ የምንለው ወደ ውስጥ የተገለበጠ አበባ ነው። አበባው የሚዳቀለው ከትንኝ በምታንስ ተርብ ነው። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ የሾላ ዓይነት የራሱ ተርብ አለው። ተርቧ እንድትኖር ደግሞ አካባቢው ላይ ሁሌም ፍሬ የያዘ ዛፍ መኖር አለበት። ስለዚህ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ባዶ በሆነበት ወራት ወፉም፣ የሌሊት ወፉም፣ ዝንጀሮውም እነሱ ላይ ያድራል። ከአንድ መንደር መቶ ተራ ዛፍ ቢቆረጥና አንድ ባኒያን ቢቆረጥ ጉዳቱ እኩል አይደለም። ሳይንሱ ይህን ሳይናገር በፊት ሰዎቹ የትኛውን እንደማይነኩ ያውቁ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ፒፓል ወፍ ዘራሽ ነው። ዘሩ በወፍ ኩስ ግድግዳ ላይ ያርፍና ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። ብዙ ሂንዱ ቤቱ እየተሰነጠቀበት እንኳ በገዛ እጁ ሊነቅለው ይፈራል።

ከካልካታ ማዶ፣ ሃውራ የሚገኘው የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ታላቁ ባኒያን የሚባለው አለ። ዕድሜው ከ250 ዓመት በላይ ነው። ዋናው ግንዱ በፈንገስ ታሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ተቆርጦ ወጥቷል። ዛፉ ግን አልሞተም። ከ3,000 በላይ በሆኑ ሥሮቹ ቆሞ ዛሬም ይሰፋል። ከሩቅ ለሚያየው ጫካ ነው፤ አንድ ዛፍ ነው ቢሉት አያምንም።

የሐዋሳ_ልጅ

ፒፓል ሌሊትም ኦክስጅን ይሰጣል፣ ለዚያ ነው የሚያመልኩት ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ደን_ባለሙያ

ወንድሜ፣ ይህ ወሬ ሕንድ ውስጥም በሰፊው ይዞራል፤ ግን ልክ አይደለም። ኦክስጅን የሚወጣው ቅጠሉ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ሌሊት ፒፓልም እንደማንኛውም ዛፍ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ይወስዳል። እኔ እንዲያውም ወሬውን ባያወሩት ደስ ይለኛል። ፒፓል ለመከበር የሐሰት ሳይንስ አያስፈልገውም። ጥላው፣ ፍሬው፣ የሚያስጠልላቸው ፍጥረታት ይበቁታል።

ማስተዋል

እህቴ ፑኔ፣ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሚኝ። ዛፍ መንከባከብ ሌላ፣ ለዛፍ መስገድ ሌላ። ፍጥረትን ከፈጣሪ ጋር ማምታታት አይሆንም ወይ?

ፑኔ_የከረመች

ኧረ ምን ያስቀይመኛል። የኔም ጥያቄ ይኸው ነበር። አከራዬን ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል ጠይቄያቸዋለሁ። «እንጨቱን አይደለም፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ነው» አሉኝ።

በኋላ የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ብሀጋቫድ ጊታን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ምዕራፍ 10 ላይ አምላኩ ክሪሽና «ከዛፎች ሁሉ አሽቫታ ነኝ» ይላል። አሽቫታ ፒፓል ነው። እዚያው ላይ ከማይነቃነቁት ሂማላያ፣ ከወንዞች ጋንጋ ነኝ ይላል። አምላክ በሁሉ ውስጥ ካለ፣ ጎልቶ በሚታይበት ቦታ ላይ ይታያል ማለት ነው። ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሆነ አሽቫታ አለ። ያ ዛፍ ይህ ዓለም ነው። የሚገርመው፣ እሱን ዛፍ ቁረጠው ይላል። በምን? ከዓለም ጋር ባለመጣበቅ መጥረቢያ። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አምላክ የሚታይበት ዛፍም፣ ሰው ከውስጡ ቆርጦ የሚጥለው ዛፍም አለ። ጥሬ የዛፍ አምልኮ ብሎ መዝጋት ይከብዳል።

እኔ ሃይማኖቴን ይዤ ሄጄ ይዤ ተመልሻለሁ። ግን አንተም ጎንደር መንገድ ስትሄድ እርሻ መሃል ክብ አረንጓዴ ካየህ፣ ሳይነግሩህ ቤተክርስቲያን እንዳለ ታውቃለህ። በሰሜኑ የቀረው የአገር በቀል ደን አብዛኛው እዚያ አጥር ውስጥ ነው።

ማስተዋል

እሱስ እውነት ነው። የኛ ደብር ጽድና ወይራ ባይኖር ልጆቼ ጉሬዛ የት ያዩ ነበር።

ጋሽ_መምህር

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። እኔን በ1960ዎቹ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ከኬራላ የመጡ ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤት የኬራላ መምህራን ነበሩ፤ በኔ ዕድሜ ያለ ያስታውሳል። የኛ መምህር ስለ ዛፍ ሲያስተምሩ ጠመኔውን ያስቀምጡና ስለ አገራቸው «ካቩ» ያወሩናል።

ካቩ በግቢ ወይም በመንደር ጥግ የሚተው ጫካ ነው። የእባብ ካቩ የሚባለውም አለ። እባቦቹ የቦታው ባለቤት ናቸው ተብሎ ይታመናል። ማታ ማታ የቤቱ ሴት የዘይት መብራት ይዛ ጫፉ ላይ ታበራለች። ወደ ውስጥ ግን አትገባም። መምህራችን ልጅ እያሉ ኳሳቸው ካቩ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ አያታቸው «የነሱ ሆኗል» አሏቸው። ኳሱን ያን ያህል ዘመን አልረሱትም ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ጫካ በሕንድ ብዙ ስም አለው። ማሃራሽትራ ውስጥ ዴቭራይ፣ ራጃስታን ውስጥ ኦራን፣ ኮዳጉ ውስጥ ዴቫራካዱ። በኮዳጉ ብቻ ከ1,200 በላይ ናቸው። ማዳቭ ጋድጊልና ቫርታክ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የምዕራብ ጋት ተራሮችን የአምላክ ጫካዎች አጥንተው ለዓለም አሳወቁ። ደንቡ ብዙ ቦታ ጥብቅ ነው፤ የወደቀ ጭራሮ እንኳ አይለቀምም። ምንጭ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ጫካው ሲሄድ ምንጩ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ነጠላውን ዛፍ ማክበር ጥሩ ነው። ውሃ የሚያመጣው ግን ጫካው ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እኔ ካቩን እመርጣለሁ።

ሰለሞናዊት_ከለንደን

ጋሽዬ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ደግሞ የቢሽኖይን ታሪክ ላምጣ፤ ካልተነሣ ይህ ውይይት ጎዶሎ ነው።

ቢሽኖይ ራጃስታን በረሃ ውስጥ የሚኖሩ ሂንዱዎች ናቸው። ጉሩ ጃምቤሽዋር በ1485 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ማኅበር ነው። 29 ሕግ አላቸው። ስማቸውም ከዚያ ነው፤ ቢሽ ሃያ፣ ኖይ ዘጠኝ። ከሕጎቹ አንዱ እርጥብ ዛፍ አትቁረጥ ይላል።

በ1730 እ.ኤ.አ. የጆድፑር ማሃራጃ አብሃይ ሲንግ ቤተ መንግሥት ያሠራ ነበር። ኖራ ለማቃጠል እንጨት አስፈለገ። ሰዎቹ መጥረቢያ ይዘው ኬጃርሊ የምትባል መንደር ገቡ። መንደሯ ስሟን ያገኘችው ከኬጅሪ ዛፍ ነው። አምሪታ ዴቪ የምትባል እናት ከቤቷ ወጥታ ዛፉን አቀፈች። ጉቦ ክፈይና እንተውሽ አሏት። ይህማ ሃይማኖቴን መሸጥ ነው አለች። የሚተላለፍላት ቃል ይህ ነው፦ በአንድ ራስ አንድ ዛፍ ከዳነ ርካሽ ነው። አንገቷን ቆረጡት። ሦስት ሴት ልጆቿ ተከተሏት። ከዚያ ከየመንደሩ ሰው መጣ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያቅፋል። 363 ሰው ሞተ።

ማሃራጃው ሲሰማ አስቆመ፤ በቢሽኖይ መንደሮች ዛፍ መቁረጥና ማደንም ከለከለ። ኬጃርሊ ዛሬ መታሰቢያ አላት። በየዓመቱ ሕዝብ ይሰበሰባል።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ቆም የምለው ልጆቹ ጋ ነው። እናታቸው ስትሞት አይተዋል። መሸሽ ይችሉ ነበር።

ሎጊያ

ይቅርታ፣ ኬጅሪ ፕሮሶፒስ አይደለም እንዴ? አፋርን የበላው ዛፍ? ለሱ ሰው ሞተ ስትሉ ደነገጥኩ። ግጦሻችንን ጨርሶታል። እሾሁ ግመል ያነክሳል።

ደን_ባለሙያ

ልክ ነህ፣ ዘመድ ናቸው፤ ለየብቻ ናቸው ግን። አፋር ያለው ጁሊፍሎራ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ። ኬጅሪ የዚያው የበረሃ ተወላጅ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ቅጠሉ ለፍየልና ለግመል መኖ ነው፣ አረንጓዴ ቃርያ የሚመስለውን ፍሬውን ሳንግሪ ብለው ወጥ ይሠሩበታል። አፈሩን ያዳብራል፤ እህል ቅርንጫፉ ሥር ይበቅላል። እኛ አገር አዳማና ሞጆ እርሻ መሃል ገበሬው የሚተወውን ግራር አስብ። ጁሊፍሎራ ራጃስታንም ገብቶ እንዳንተ አገር አስቸግሯል። የቢሽኖይ ሰዎች የሞቱት ለበረሃው ዛፍ ነው፤ ለመጤው አይደለም።

ሎጊያ

አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

አስረግጬ_ልጠይቅ

ጥሩ ጥሩውን አውርታችኋል። እኔ ሙምባይ በንግድ እመላለሳለሁ። በቫት ፑርኒማ ዋዜማ ገበያ ላይ የተቆረጠ የባኒያን ቅርንጫፍ በእቅፍ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሴቶቹ አፓርታማ ውስጥ ናቸው፤ ዛፍ ሩቅ ነው፤ ቅርንጫፍ ገዝተው ቤት ውስጥ ይሰግዱለታል። ባኒያንን ለማክበር ባኒያን ይቆረጣል። ቤተ መቅደስ ሲታደስ የዛፉን ሥር በሲሚንቶ ይሞሉታል። ሬሳ የሚቃጠለውስ በእንጨት አይደል? ቅድስናው የት ገባ?

ፑኔ_የከረመች

ጥያቄህ ይገባል። ቅርንጫፉን እኔም አይቻለሁ፤ አሳዝኖኛል። እዚያው ያሉ ሰዎችም ይቃወሙታል። አንዳንዶቹ «ቅርንጫፍ ከምትገዢ ችግኝ ግዢ» ይላሉ። ሲሚንቶውን በተመለከተ የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ደልሂ ውስጥ በዛፎች ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ኮንክሪት እንዲነሣ አዝዟል። ማዘዝ ሌላ፣ መነሣት ሌላ፤ ብዙ ዛፍ ዛሬም ታንቋል።

ስለ ሬሳው ግን የሰለሞናዊት ቢሽኖዮች መልስ አላቸው። ሂንዱ ሆነው ሬሳ አያቃጥሉም፤ ይቀብራሉ። እንጨት ለማዳን። ሃይማኖቱ ራሱን የሚያርምበት መንገድ ከውስጡ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

የልጆች_እናት

እኔ የማውቀው ትንሽ ነው። ማትስያ ፑራና በሚባለው የሂንዱዎች ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ ይባላል፦ አሥር ጉድጓድ እንደ አንድ ኩሬ፣ አሥር ኩሬ እንደ አንድ ሐይቅ፣ አሥር ሐይቅ እንደ አንድ ወንድ ልጅ፣ አሥር ወንድ ልጅ እንደ አንድ ዛፍ።

ይህን ስሰማ ትዝ የምትለኝ የካርናታካዋ ሳሉማራዳ ቲማካ ናት። ልጅ አልወለደችም። ልጅ አልባ ሴት በገጠር የምትሰማውን እናውቃለን። ከባሏ ጋር በሁሊካልና በኩዱር መካከል ባለው መንገድ ዳር 385 ባኒያን ተከለች። ውሃ በእንስራ ተሸክመው አጠጡ። ከብት እንዳይበላቸው በእሾህ አጠሩ። ሳሉማራዳ ማለት ረድፍ ዛፍ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ያወጣላት ስም ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጣት። ለኔ ግን ሽልማቷ ያ መንገድ ነው። በጥላ ውስጥ የሚሄድ መንገድ።

ሰለሞናዊት_ከለንደን

እናቴ፣ አስለቀሽኝ። ካልሽ አይቀር ቺፕኮ የሚባለውን ዛፍ የማዳን እንቅስቃሴ እኔ ልጨምር። ቺፕኮ ማለት ተጣበቅ፣ እቀፍ ማለት ነው።

መጋቢት 1974 እ.ኤ.አ. በሂማላያ ሬኒ የምትባል መንደር ውስጥ ወንዶቹ ካሳ ለመቀበል ወደ ከተማ ወርደው ነበር። ቆራጮቹ ያኔ መጡ። አንዲት ልጅ አየቻቸውና ሮጣ ለጋውራ ዴቪ ነገረች። ጋውራ ዴቪ ባሏ የሞተባት፣ የመንደሩ ሴቶች መሪ ነበረች። ሴቶቹን ይዛ ጫካው ገባች። ጫካውን ማይካችን ነው አለቻቸው ይባላል። ማይካ ያገባች ሴት የተወለደችበት ቤት ነው፤ ሲከፋት የምትመለስበት። ሌሊቱን ሲጠብቁ አደሩ። ቆራጮቹ ተመለሱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋኒ በተባለ ጫካ ሴቶች ዛፎቹ ላይ ራኪ አሰሩ። ራኪ እህት ወንድሟ እጅ ላይ የምታስረው ክር ነው። ዛፉን ወንድሜ ነህ አሉት ማለት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት በዚያ አካባቢ ተራሮች ላይ እርጥብ ዛፍ መቁረጥን ለ15 ዓመት አገደ።

ፑኔ፣ አንቺ የጀመርሽበት ክርና ይህ ክር አንድ ይመስለኛል። አንዷ ለባሏ ታስራለች፣ አንዷ ለወንድሟ። ሁለቱም ዛፉን ዘመድ አድርገውታል። ለዘመድ ሰው ከቤቱ ይወጣል።

የድሬ_ልጅ

ድሬዳዋ በኒም ዛፍ ጥላ ነው ያደግነው። ሕንዶቹ ኒምን የፈንጣጣ እናት ለሚሏት ለሺታላ ይሰጡታል፤ የታመመ ሰው አጠገብ ቅጠሉን ያስቀምጣሉ። እኛ ቤት እናቴ ቅጠሉን እህል ውስጥ ትጨምረው ነበር፤ ነቀዝ እንዳይገባ። ከሕንድ እንደመጣ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ጥያቄ ለፑኔ፦ ክሩ በኋላ ምን ይሆናል? ይፈቱታል?

ፑኔ_የከረመች

አይፈቱትም። ይተውታል። መጀመሪያ ነጭ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት አቧራ ይይዘዋል። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፣ ይጠቁራል፣ መበጣጠስ ይጀምራል። መስከረም አካባቢ በመስኮቴ ሳይ ትናንሽ ወፎች ጫፉን በአፋቸው ይዘው እየሳቡ ይወስዱት ነበር። ለጎጆ መሰለኝ። አንዳንዱ ክር ግን ይቀራል፤ ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። አከራዬ አንድ ቀን ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው፣ «ይህ ያገባሁ ዓመት ያሰርኩት ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።